ሥሮቹ ወደ አባይነሽ እንሰት

ጥር 13፣ ማክሰኞ

የሳምንቱን ጽሑፍ ጨረስኩ። ከአዲስ አበባ የጋዜጣ ሥራዬ ጡረታ ወጥቼ ሆሳዕና ዳር ወዳለው የአባቴ ግቢ ከተመለስኩ ወዲህ ለሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ በየሳምንቱ አንድ አጭር ነገር እጽፋለሁ። ስለ ወፎች፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ድሮው ገበያ። ሰዉ ይወደዋል። የዚህኛው ሳምንት ከጎረቤቴ ከአባይነሽ ጋር በሚያዋስነን አጥር ላይ ባለው ወይራ ስለሚኖረው ኦርኪድ ነው።

ተክሉ ከመሬት ጋር ጉዳይ የለውም። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ሥሮቹን አየር ላይ ይለቃል። ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ በደንብ አየኋቸው። አመድማ ናቸው፤ ውፍረታቸው የስልክ ቻርጀር ገመድ ያህላል፤ ጫፋቸው ብቻ አረንጓዴ ነው። ግማሾቹ ቅርፊቱ ላይ ሙጭጭ ብለዋል። ቅርፊቱን ለቀው የወጡት ግን ሁሉም የሄዱት ወደ አንድ ወገን ነው፤ አጥሩን ተሻግረው ወደ አባይነሽ እንሰት። ሲሚንቶ ወዳስነጠፍኩትና ቆርቆሮው ወደሚያብረቀርቀው ወደ እኔ ግቢ የዞረ አንድም የለም።

ቦኖው ከደረቀ ሰንብቷል። ስለዚህ ጽሑፉን እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ «ሥር ውሃ የት እንዳለ ያውቃል። እኛ ጄሪካን ይዘን ስንንከራተት እሱ ዝም ብሎ አቅጣጫውን ያመለክታል።»

ዓረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ።

ጥር 15

ብዙ ልብና ብዙ ጭብጨባ ተልኮልኛል። ሆሴዕ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጠርቶ አስቆመኝ። የእድሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነው፤ ጉድጓድ የት እንቆፍር በሚለው ጉዳይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ወይ አለኝ። ሥር ውሃ እንደሚፈልግ የታወቀ ነው አልኩት።

ይህ ሐሰት አይደለም።

ጥር 18፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሆሴዕ ስልኩን አውጥቶ ጽሑፌን ጮክ ብሎ አነበበ። ጥሩ ያነባል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ እንዲደግመው ጠየቁት፤ ደገመው። ከዚያ ስለ ወይራው፣ ስለ ሥሮቹ፣ ስለ አባይነሽ መሬት ማውራት ተጀመረ። አንዱ አያቱ ውሃን በዛፍ ይለዩ እንደነበር ተናገረ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ያ ለማሳመር የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ነበረብኝ። «ማየት ይቻላል» አልኩ።

ምሳ ላይ ሦስት ቤት ጋብዘውኝ ነበር።

ጥር 20

ርብቃ ደወለች። ልጄ ሐዋሳ ስለ ዕፅዋት ታስተምራለች። የሥሮቹን ፎቶና ጽሑፉን ልኬላት ነበር፤ እንድታደንቀኝ። አደነቀችኝ። ቀጥላ «አባዬ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከየት አመጣሃት?» አለችኝ።

የነገረችኝን እንደ ድሮዬ ማስታወሻ ይዣለሁ። የኦርኪድ የአየር ሥር ከብርሃን ይሸሻል። ቅጠል ወደ ብርሃን እንደሚዞር ሁሉ እሱ ወደ ጨለማው ያድጋል። ዱር ውስጥ ጨለማው ያለው በቅርፊት ስንጥቅና በቅርንጫፍ ጥላ ሥር ነው፤ እዚያ የደረሰ ሥር መያዣ ያገኛል። ቅርፊት ሲነካ የነካው ጎኑ ጠፍጠፍ ብሎ ይጣበቃል። የምድር ስበት እንደ ሌሎች ሥሮች አጥብቆ አይገዛውም፤ ለዚህ ነው ወደ ጎንም ወደ ላይም የሚሄደው። እርጥበት ይስበዋል፤ ግን የአየር እርጥበት፣ በጉምና በዝናብ የሚመጣው። ሥሩን የለበሰው አመድማ ሽፋን ያንን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል።

«ያንተ ግቢ ያበራል» አለች። «እንሰቱ ሥር ግን ጥላ ነው፣ ርጥብ ነው። የሳበው እሱ ነው። ከመሬት በታች ስላለ ውሃ ምንም ሊነግርህ አይችልም አባዬ፤ መሬት ነክቶ አያውቅም።»

እርማት አወጣለሁ አልኳት።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ጥር 21

መብራት አልነበረም።

ማታ መጣ። ደክሞኝ ነበር።

ጥር 22

እርማቱን አወጣሁ።

ጋዜጣው ቤት ለረጅም ዓመታት የእርማት ዓምድ በእኔ እጅ ነበር። እርማት ሁለት ዓይነት ነው፤ እንዲነበብ የሚወጣና ወጥቷል ለመባል የሚወጣ። ሁለተኛው ስህተቱን መልሶ አይጠቅስም። «ተሳስተናል» የሚል ቃል አይገኝበትም። ከትልቅ ዜና ሥር ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ለመጻፍ ነበር የተቀመጥኩት። ስጨርስ ያነበብኩት ይህን ነው፦ «ባለፈው ጽሑፍ ስለ ሥሮች አቅጣጫ የተነሣው ሐሳብ፣ ብርሃንን ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩት እንደሚችሉ ባለሙያዎች ይገልጻሉ።»

ከአንጋጫ የመጣ የለቅሶ መልእክት ግሩፑ ላይ እስኪለጠፍ ጠበቅኩና ከሥሩ ለቀቅኩት። ሰዉ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ ሲጽፍ ተገፍቶ ወደ ላይ ጠፋ።

በጽሑፉ ውስጥ ሐሰት የለም። ለርብቃ ላኩላት፤ «አየሁት» ብላ መለሰች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ጥር 25፣ እሑድ

ኮሚቴው አባይነሽ ቤት ሄደ። እኔም እንደ ሽማግሌ ተጠርቼ ሄድኩ። እንሰቱ ተቆርጦ ጉድጓዱ እዚያ እንዲቆፈር ሆሴዕ ጥሩ አድርጎ ጠየቃት፤ ውሃው የሁሉም እንደሚሆን፣ ቅድሚያ የምትቀዳው እሷ እንደምትሆን ነገራት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ላስብበት አለች።

እንሰቱን የተከለችው ባሏ የሞተ ዓመት ነው። ገና አልደረሰም። የሴት ልጇ የሐዳሳ ሰርግ ሲመጣ ቆጮው ከዚያ እንዲወጣ ነው ሐሳቧ፤ የቀረው ለክፉ ቀን። እዚህ አገር እንሰት ያለው ቤት ዝናብ ቢቀርም አይራብም። ይህን ለአዲስ አበባ አንባቢ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

አመሻሹ ላይ እኔ በር መጣች። ግቢ አልገባችም።

«ጋሼ ታዴዎስ፣ ሌላው ሰው ያወራል፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እዚያ ውሃ አለ?»

ሮቶዬ ሞልቶ ሲፈስ ድምፁ ይሰማ ነበር። የቧንቧ ውሃ በምሽት የሚመጣው ለጥቂት ግቢዎች ብቻ ነው።

«ተስፋ አለው» አልኳት።

አመስግናኝ ሄደች።

ጥር 26

ዛሬ ጠዋት ልሄድና ልነግራት ተነሥቼ ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ከሆሴዕ ጋር ቆማ አየኋት። ሰው ባለበት የሚነገር ነገር አይደለም።

ከሰዓትም እንግዳ ነበራት።

ውሃ ላይኖር እንደሚችል ማንም ያውቃል። ውሃ ሊኖርም ይችላል። ማንኛውም ቦታ ሲቆፈር እንደዚያው ነው።

ጥር 28

ቆረጡት።

ወንዶቹ በማለዳ መጥረቢያና ገጀራ ይዘው መጡ። የእንሰት ግንድ ሲወድቅ እንደ ዛፍ አይጮህም፤ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ እንደሚጣል ነው። ሴቶቹ ግንዱን ሰንጥቀው በሳንቃ ላይ እየፋቁ ሊተርፍ የሚችለውን ማትረፍ ያዙ። ያልደረሰ እንሰት የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ውሃ ሆኖ ወረደ። አበራሽ የምትባል የአባይነሽ ጓደኛ እጇን እያራገፈች «ይኸው ውሃው ተገኘ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አባይነሽም ሳቀች።

ቅጠል ተሸከምኩ። ጋሼ አይድከሙ አሉኝ። ደጋግሜ ተሸከምኩ።

ግቢው ተከፈተ። ከመስኮቴ የቤቷ በር ይታያል፤ ከዚህ በፊት አይታይም ነበር። መጋረጃ ልሰቅል አስቤ ተውኩት። ሰው ምን ይላል።

የካቲት 4

ቁፋሮው ቀጥሏል። ቀይ አፈር። በተራ እየወረዱ ነው፤ ከሌሞ ገጠር የመጡ ዘመዶችም አሉበት። እየዘፈኑ ነው የሚቆፍሩት። ሻይና ዳቦ ወሰድኩ። አንዱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ «ጋሼ፣ ሥሩ ስንት ሜትር ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከላይ ያሉት ሳቁ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ርብቃ ቁፋሮው እንዴት ሆነ ብላ ጻፈችልኝ። ከማን እንደሰማች አላውቅም። ፎቶ ላኩላት። ፎቶው ላይ ሰዎቹ ይስቃሉ።

የካቲት 9

አፈሩ ነጭ ሆነ። ከዚያ ድንጋይ።

የካቲት 12

አለት። ከጊምቢቹ ትልቅ ዲጅኖ አስመጡ። ብልጭታ እንጂ ሌላ አላወጣም። አንዱ እጁን ቆስሏል፤ ብዙ አይደለም።

የካቲት 14

ቆመ።

በባጃጅ ስመለስ ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ጉድጓዱ ያወሩ ነበር። ሹፌሩ «ውሃው ቴሌግራም ላይ ነው ያለው፤ ስልክህን ጨምቀው» አለ። ሳቁ። ከኋላ ያለሁት እኔ መሆኔን አላወቁም። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ይህ ግን የሚያሳስበኝ አይደለም። ሌላኛው ንግግራቸው ነው የከበደኝ። ሆሴዕ ቦታውን የመረጠው ለወፍጮ ቤቱ ስለሚቀርብ ነው ይላሉ። አንዱ እንደውም ከመጀመሪያውም አስቦበት ነው፣ የመበለቲቱን እንሰት ያስቆረጠው ውሃ በቱቦ ወደ ወፍጮው ሊስብ ነው አለ። ሌላው «ሀብታም ሲጠማ ድሃ ይቆፍራል» ብሎ መለሰለት።

መውረጃዬ ደረሰ። ወረድኩ።

የካቲት 15

ሆሴዕ ቦታውን የመረጠው በእኔ ቃል ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጽሑፉን ሲያነብ ሁሉም ሰምተዋል። ታዲያ ለምን እንዲህ ይላሉ? እንግዲህ ሰው እኔን መውቀስ ስለከበደው ይሆናል። ሽማግሌ ነኝ። ጽሑፌን ይወዱታል።

ለእሱ መናገር አለብኝ። ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ተሰልፎ ነበር።

የካቲት 19

ኦርኪዱን በየቀኑ ከሮቶው በሚቀዳ ውሃ እረጨዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ ቆምኩ። እንሰቱ በነበረበት ወገን ያሉት ሥሮች አሁን ቀጥታ ፀሐይ ያገኛቸዋል። የአንዳንዶቹ ጫፍ ተኮማትሮ ቡናማ ሆኗል። በሕይወት ያሉት አዲስ ያወጧት አረንጓዴ ጫፍ ተጠምዝዛ ወደ ግንዱ ጥላ ተመልሳለች።

ርብቃ እንዳለችው ነው። ከመጀመሪያውም የሄዱት ወደ ጥላው ነበር፤ ጥላውን እኛ ቆረጥነው።

ፎቶ አነሣሁ። መልሼ አጠፋሁት። ወንበሩ ላይ ሆኜ ዞር ስል አባይነሽ ጄሪካን ተሸክማ ስትገባ አየኋት። የመርጫውን ጠርሙስ ከኋላዬ ደበቅኩ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ይህን በዝርዝር ልጻፈው።

የእድሩ ስብሰባ ነበር። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ የመበለቲቱ እንሰት የጠፋው በሆሴዕ ጥድፊያ ስለሆነ ሆሴዕ ሊክሳት ይገባል አለ። ብዙዎች አጉተመተሙ። ሆሴዕ ተነሣ። ቦታውን ከራሱ እንዳላመጣ፣ የተጻፈውን አምኖ እንደሆነ ተናገረ። ስሜን አልጠራም። ያከብረኛል።

በዚህ ጊዜ አቤሴሎም እጁን አወጣ። የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ አስተማሪ ነው፤ ጽሑፎቼን ተማሪዎቹ እንዲያነቡ ያደርጋል። «ጋሼ እኮ እርማት አውጥተው ነበር» አለ። «ቁፋሮው ሳይጀመር። አላነበብከውም?» ስልኩን ገፋ ገፋ አድርጎ ፈልጎ አገኘውና አነበበው። ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ቀኑንም ጠቀሰ።

ሆሴዕ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቆሞ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ፈለገ። የለቅሶውን መልእክት አልፎ እንደገና ወደ ታች መለሰው። ባገኘው ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «አላየሁትም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።» ከኮሚቴው እንደሚወርድ ተናግሮ ተቀመጠ።

አንዳንዶች ዞረው በአክብሮት አዩኝ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው የሚል አተያይ ነበር። አንገቴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደነቀነቅኩ አላውቅም። አውቃለሁ።

የካቲት 24

ርብቃ ደወለች። አቤሴሎም የስብሰባውን ወሬ ግሩፑ ላይ ጽፎት አንብባለች። እሷ እዚያ ግሩፕ ውስጥ መሆኗን ረስቼ ነበር።

«አባዬ፣ እርማቱ ለማን ነበር የተጻፈው?»

ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኳት። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

የካቲት 27

አባይነሽ ጋ ሄድኩ።

ጉድጓዱ ልጆች እንዳይገቡበት በእሾህ ታጥሯል። እሷ ከጎኑ መሬት እየቆፈረች ነበር፤ የእንሰት ችግኝ ልትተክል። ቁጭ ይበሉ አለችኝ። ቆሜ ልናገር አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ሥሩ ከብርሃን እንደሚሸሽ፣ ውሃ እንደማያሳይ፣ ልጄ ደውላ እንደነገረችኝ፣ እርማቱን እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት። መቆፈሪያውን ይዛ ሰማች።

«ልጅዎ የነገረችዎት እኔ በርዎ ላይ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ በኋላ?»

«በፊት።»

አፈሩን ከእጇ አራገፈች።

«እኔ ሥሩን አላየሁትም ጋሼ። እርስዎን ነው የጠየቅሁት።»

ችግኝ ከአንጋጫ በመኪና አስመጣለሁ፣ ሰው ቀጥሬ አስተክላለሁ አልኳት። ይህን ሳላስበው አልወጣሁም ነበር፤ ከቤት ስነሣ የተዘጋጀሁበት እሱ ነው።

«ችግኝ አላጣሁም» አለች። «ዓመቶቹን ያምጡልኝ።»

ጎንበስ ብላ መቆፈሯን ቀጠለች። ልሂድ ልቁም ሳላውቅ ቆየሁ። ቀና ሳትል ለሆሴዕ ነግረውታል ወይ አለችኝ። አልነገርኩትም አልኳት።

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

የካቲት 28

ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው። ሆሴዕ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል አሉኝ፤ ለእሑድ ይመለሳል። ስልኩን ደወልኩ፤ አያነሣም። በጽሑፍ ልልክለት ጀመርኩ። ጥሩ ጽሑፍ ሆነ። ደምስሼ ተውኩት።

የካቲት 30፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ሰው ሳይበተን ተነሣሁ። ሆሴዕ ከዳር ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር።

በአማርኛ ነው የተናገርኩት። ከእኔ ጋር ሰው ሁሉ አማርኛ ነው የሚናገረው፤ ዘመኔን አዲስ አበባ ስለፈጀሁ። ስለ ሥሮቹ የጻፍኩት ልክ እንዳልነበረ፣ ይህንም እንሰቱ ከመቆረጡ በፊት አውቄ እንደነበር፣ እርማቱ እንዳይነበብ ሆኖ የተጻፈ እንደሆነ፣ ሆሴዕ ምንም እንዳላጠፋ ተናገርኩ። ንግግሬ የተስተካከለ ነበር። «ሆኖም» እና «በመሆኑም» ነበረበት። አቤሴሎም ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ስጨርስ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ» አለ ሆሴዕ። ተነሥቷል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ኋላ ያሉት እናቶች አልሰሙዎትም። በሀዲይኛ ይድገሙት።»

ዞርኩ። እንሰቱን ሲፍቁ የዋሉት ሴቶች ናቸው ኋላ የተቀመጡት። አበራሽ አለች። አባይነሽ ከጎኗ አለች። ሀዲይኛዬን ይዤ ከዚህ የወጣሁት በልጅነቴ ነው፤ እዚያው ልጅነቱ ላይ ቀርቷል። «ባለሙያዎች ይገልጻሉ» ማለት አልችልበትም። «ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩ ይችላሉ» ማለት አልችልበትም። ያሉኝ ቃላት ጥቂት ናቸው። አየሁ። አወቅሁ። ጠየቀችኝ። ዋሸኋት።

እነዚያኑ ተናገርኩ።

አንዲት አሮጊት ጆሮዋን በእጇ ከልላ ምን አለ ብላ ጠየቀች። አበራሽ ልትነግራት ስትል ሆሴዕ ተይ ብሎ በእጁ ከለከላት። አልተቀመጠም፤ እኔን ይጠብቃል። ወደ አሮጊቷ ቀረብ አልኩና እንደገና ነገርኳት፤ ጮክ ብዬ።